ስለ ፈረንሳዊቷ ትንሽ መኪና፣ ሲትሮኤን ዱ ሼቮ (2CV)፣ ለጠየቃችሁኝ

(ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እውነት ለገበሬ ነው የተሠራችው?
አዎ። በ1930ዎቹ የሲትሮኤን አለቃ የነበረው ፒየር ቡላንዤ ትእዛዙ ግልጽ ነበር። አራት ሰውና 50 ኪሎ ድንች ትጫን፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ትሂድ፣ ለ100 ኪሎ ሜትር 3 ሊትር ቤንዚን ይብቃት። ደግሞም ቅርጫት ሙሉ እንቁላል ጭና የታረሰ ማሳ ስታቋርጥ አንድም እንዳይሰበር!

የእንቁላሉ ነገር ግነት አይደለም?
ሥሯን ያየ አይጠራጠርም። በየጎኗ የፊትና የኋላ ጎማዎቿ በአንድ የተጋደመ ቱቦ ውስጥ ባሉ ሞላዎች ተያይዘዋል። የፊቱ ጎማ ጉብታ ሲወጣ ቱቦው ይሳባል፤ የኋላው ጎማ ወደ መሬት ይገፋል። ስለዚህ አፍንጫዋ ብቻውን አይነሳም፣ ከነጅራቷ ከፍ ትላለች። ኩርባ ላይ ግን ጉድ ናት! በጣም ታዘነብላለች። አዲስ ተሳፋሪ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፤ የለመደ ወሬውን ይቀጥላል።

ጀርመኖች ፈረንሳይን ሲይዙ ምን ሆነች?
ተደበቀች። በ1939 ወደ 250 የሚጠጉ የሙከራ መኪኖች ተሠርተው ነበር፤ አብዛኞቹ እንዲጠፉ ተደረገ። ሦስቱ በ1990ዎቹ ሲትሮኤን መኪና በሚሞክርበት ላ ፌርቴ ቪዳም ውስጥ ከአንድ ጎተራ ጣሪያ ሥር ተገኙ።

ሞተሯስ?
በ1948 ፓሪስ ላይ ስትወጣ 375 ሲሲ፣ 9 የፈረስ ጉልበት። በቃ። ሁለት ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ራዲያተር የሌለው። በኋላ 602 ሲሲ ደርሷል። የመጀመሪያዎቹ ላይ የዝናብ መጥረጊያው የሚሠራው በፍጥነት መለኪያው ገመድ ነው። ቀስ ስትሉ ቀስ ይላል፤ ከቆማችሁ በእጃችሁ። ቤንዚኑም የሚለካው ታንኩ ውስጥ በሚነከር ዘንግ ነበር። ጋዜጠኞች ሳቁባት፤ ገዢው ግን ዓመታት ወረፋ ጠበቀ።

ከቮልስ ትሻላለች?
ረጅም አስፋልት ላይ ቮልስ። ኮረኮንች ላይ ዱ ሼቮ፣ ያለ ክርክር።

ዛሬ አንድ ብገዛስ?
ሻንሲውን፣ ማለትም አካሏን የተሸከመውን የሥር ብረት፣ እዩ። መከለያና በር በቀላሉ ስለሚፈታ የእነሱ ዝገት ቀላል ነው። ሻንሲው ከበሰበሰ ግን ቀለሙ አያታልላችሁ፤ ወይ ዋጋውን አስወርዱ፣ ወይ ተዉት። ማምረት የቆመው በ1990 ፖርቱጋል ውስጥ ቢሆንም መለዋወጫዋ አሁንም ይሠራል፤ አዲስ ሻንሲ ሳይቀር።