ቡገንቪሊያዬ ቅጠል ብቻ ሆነብኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጆቹ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። አጥሬ ሥር ቡገንቪሊያ ከተከልኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ማታ ማታ ውኃ አጠጣዋለሁ፣ የከብት ፍግም አልነፈግኩትም። ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ ለምለም ሆኗል፤ አበባ ግን የለም! መንገድ አካፋዩ ላይ ያለው ዞር ብሎ የሚያየው ሳይኖር እሳት መስሎ ቦግ ብሏል። ጎረቤቴ «ወንዱን ነው የተከልሽው፣ ንቀዪው» ትለኛለች። ልንቀለው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ቡገንቪሊያ ወንድና ሴት ተብሎ አይለይም፤ እያንዳንዷ አበባ ሁለቱንም ይዛለች። የወንድና ሴት ነገር ከተነሳ አይቀር፣ ተክሉን እ.ኤ.አ. በ1767 ብራዚል ውስጥ ያገኘው ኮሜርሶን የተባለ ፈረንሳዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው፣ ተክሉም ስሙን ያገኘው ኮሜርሶን የተሳተፈበትን የመርከብ ጉዞ ከመራው ከቡገንቪል ነው፤ የኮሜርሶን ረዳት ዣን ባሬ ደግሞ ወንድ መስላ መርከብ የተሳፈረች ሴት ነበረች።

ወደ አንቺ ስንመጣ፣ ያንቺው ጠግቦ ነው። ፍግ ናይትሮጂን አለው፣ እሱ ደግሞ ቅጠል ነው የሚያበዛው። የመንገዱ ያበበው ስለተጠማ ነው። ስለዚህ ፍጉን አቁሚ። ውኃ ከማጠጣትሽ በፊት ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ክተቺ፤ እርጥብ ከሆነ ተይው። ክረምቱንማ ጨርሶ አታጠጪ፣ ውኃ ከቋጠረበት ሥሩ ይበሰብሳል።

ግቢሽ ውስጥ ማንጎ አለ? (ባሕር ዳር ማንጎ የሌለው ግቢ ስንት አለና!) ጥላው ካረፈበት የማንጎውን ቅርንጫፍ ቀንሺ፤ ቡገንቪሊያ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል። ነቅለሽ ሌላ ቦታ ልትከል እንዳትዪ፣ ሥሩ ሲነካ አይወድም።

አበባው የሚወጣው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ነው። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲያባራ ቆርቆሮው ላይ የወጣውን ከርክሚው። ጓንት እንዳትረሺ! እኔ አምና በባዶ እጄ ገብቼ እሾህ አውራ ጣቴ ውስጥ ተሰብሮ ሳምንት ሙሉ በግራ እጄ ስጎርስ ከረምኩ።

ሲያብብልሽ አንዱን ቀጥፈሽ እዪው። ያ እንደ ወረቀት የሳሳው ቀዩ ነገር አበባ አይደለም፣ ቀለም ያወጣ ቅጠል ነው። አበቦቹ መሃሉ ላይ ያሉት ትንንሽ ነጭ ቱቦዎች ናቸው።

የከረከምሽውንም አትጣይው። ጠንከር ያለውን በአንድ ስንዝር ልክ ቆርጠሽ አፈር ላይ ብትተክዪው ሥር ይሰዳል፤ አንዱን ለጎረቤትሽ ስጫት።