ከፍታው የሚሠራው መሬት ላይ ነው

ውድ ልጆቼ፣

ጅማ ውስጥ ሯጭ መሆን የሚመኝ ልጅ ብዙ ነው፤ ከፍታ ዝላይን መርጦ የሚመጣው ግን ጥቂት ነው። አገራችን ስሟን ያስጠራችው በረጅም ርቀት ሩጫ ስለሆነ ለዘላይ የሚሆን ፍራሽም፣ ሙያውን የሚያውቅ አሰልጣኝም እንደ ልብ አይገኝም። ይህን የምጽፈው እንዲህም ሆኖ ዝላይን ለመረጣችሁ ነው።

በመጀመሪያ፣ «ቁመቴ አጭር ነው» ብላችሁ አትሽሹ። ስዊድናዊው ስቴፋን ሆልም ቁመቱ 1.81 ሜትር ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 አቴንስ ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ፤ በ2005 ደግሞ በቤት ውስጥ ውድድር 2.40 ሜትር ዘለለ፤ ከራሱ አናት 59 ሴንቲሜትር በላይ ማለት ነው። ረጅም ሰው ከመነሻው የሰውነቱ የክብደት መሃል ከፍ ያለ በመሆኑ ይጠቀማል፤ ሆልም ጉድለቱን የሞላው በመንደርደሪያው ፍጥነት ነው።

እግራችሁ መሬቱን ከለቀቀ በኋላ ሰውነታችሁ የሚደርስበት ከፍታ ተወስኖ አልቋል። አየር ላይ ጀርባን ማጠፍ ያገኛችሁትን ከፍታ ሳታባክኑ ዘንጉን ለማለፍ ይረዳል፤ አንዲት ሴንቲሜትር ግን አይጨምርም። ብዙ ልጆች ዘንጉ ላይ መተጣጠፍ ሲለማመዱ ይውላሉ፤ መንደርደሪያችሁ ስንት ሜትር ነው ሲባሉ ግን መልስ የላቸውም። ይህን ሳይ ከልቤ አዝናለሁ።

ስለዚህ ሜትር ያዙና ለኩ። በግራ እግሩ የሚነሳ ከዘንጉ ቀኝ በኩል ይመጣል፤ በቀኝ የሚነሳ ከግራ። ጀማሪ ስምንት እርምጃ ይበቃዋል። ዘንጉን ከያዙት ሁለት ቋሚዎች ከቅርቡ ተነስታችሁ በዘንጉ መስመር ወደ ውጭ ከ3 እስከ 4 ሜትር ለኩ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ከ12 እስከ 14 ሜትር ሂዱና ምልክት አድርጉ። የመጀመሪያዎቹ አራት እርምጃዎች ቀጥ ያሉ ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ አራት ይታጠፋሉ። ለመዝለል የምትነሱበት ቦታ ከዘንጉ አንድ ክንድ ተዘርግቶ የሚደርስበት ያህል ይራቅ። እግራችሁ ግማሽ ሜትር ቀርቦ ካረፈ የመጀመሪያውን ምልክት ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ ውሰዱት፤ መሃል ላይ እርምጃ እያሳጠራችሁ ለማስተካከል አትሞክሩ።

ኩርባውን ለመልመድ ችካል ትከሉና በ7 ሜትር ገመድ መሬት ላይ ክብ ሥሩ፤ መስመሩን ተከትላችሁ ሩጡ። ወገብን ሳትሰብሩ ከቁርጭምጭሚት ጀምሮ መላ ሰውነታችሁ ወደ ክቡ መሃል ያዘንብል። ዝናብ ካባራ በኋላ የጅማ ቀይ አፈር ጥሩ አስተማሪ ነው። ሮጣችሁ ስትጨርሱ ዱካችሁን ጎንበስ ብላችሁ እዩት። ወደ ክቡ መሃል ያለው የጫማ ጠርዝ ጠልቆ ከታተመ አዘንብላችኋል፤ ዱካው እኩል ጠፍጣፋ ከሆነ ቀጥ ብላችሁ ነው የሮጣችሁት፤ እንዲህ የሮጠ ዘላይ ሲነሳ ሽቅብ በመሄድ ፈንታ ዘንጉ ላይ ይወድቃል። የመጨረሻው ዱካ ደግሞ ወደ ፍራሹ የወዲያኛው የኋላ ጥግ ያመልክት። ከዘንጉ ጋር ትይዩ ሆኖ ካገኛችሁት፣ ወይም አፈሩ ተረከዙ ዙሪያ ተጠማዞ ከተቦጨቀ፣ ልምምዱን አቁሙ። ቁርጭምጭሚት የሚጎዳው እንዲህ ነው።

ከመጨረሻው በፊት ያለው እርምጃ ረዘም፣ የመጨረሻው አጠር ፈጠን ይበል። የመነሻው እግር መሬት ላይ የሚቆየው ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ለማይበልጥ ጊዜ ነው፤ ጉልበት እጥፍ ብሎ ከተቀመጠ ፍጥነቱ ሁሉ እዚያው ይሞታል።

ዘንጉ ሲወድቅ በምን እንደነካችሁት አስተውሉ። ወደ ላይ ስትወጡ በትከሻ ወይም በክንድ ከሆነ በጣም ቀርባችሁ ተነስታችኋል፣ ወይም ቀድማችሁ ወደ ዘንጉ ተጋድማችኋል። ስትወርዱ በመቀመጫ ወይም በጭን ከሆነ ርቃችሁ ተነስታችሁ ጣሪያችሁ ከዘንጉ በፊት አልቋል። ተረከዝ ብቻ ከነካ አገጫችሁን ወደ ደረት ለማምጣት ዘግይታችኋል።

አንድ ነገር በብርቱ እለምናችኋለሁ፤ አሸዋ ላይ ጀርባ ሰጥታችሁ አትዝለሉ። ዲክ ፎስበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በዚህ ስልት 2.24 ሜትር ዘሎ ሲያሸንፍ የሚያርፈው ወፍራም ስፖንጅ ላይ ነበር። ለታላላቅ ውድድሮች ፍራሹ ቢያንስ 6 ሜትር በ4 ሜትር፣ ውፍረቱም 70 ሴንቲሜትር መሆን አለበት። አሸዋ ብቻ ካላችሁ በመቀስ ስልት፣ ማለትም እግራችሁን እንደ መቀስ በየተራ ዘንጉን እያሳለፋችሁ፣ ዝለሉና በእግራችሁ አርፉ፤ መንደርደሪያውና መነሻው በዚሁ ይሠራል። ሁለት ፍራሽ ካገጣጠማችሁ አጥብቃችሁ እሰሩት፤ ክፍተቱ እግር ይሰብራል። በእንጨት ዘንግ ፈንታ ላስቲክ ወጥሩ።

ውድድር ላይ ደግሞ የሳታችሁት ሙከራ እንዴት እንደሚቆጠር እወቁ። ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ እ.ኤ.አ. በ2021 ሦስት ሰዎች 2.37 ሜትር አለፉ። ኳታራዊው ባርሺምና ጣሊያናዊው ታምቤሪ እስከዚያ አንድም ጊዜ ስላልሳቱ ወርቁን ተካፈሉ፤ ቤላሩሳዊው ኔዳሴካው ቀደም ባሉት ከፍታዎች ስለሳተ ነሐስ ወሰደ። በዝቅተኛ ከፍታ የሚደረግ ቸልተኝነት መጨረሻ ላይ ሜዳሊያ ይቀይራል።

ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው ጅማት የዚህ ሙያ ዕዳ ነው። በሙሉ መንደርደሪያ የሚዘለለው በሳምንት ከሁለት ቀን፣ በአንድ ቀንም ከ20 ዝላይ አይለፍ። ጠዋት ደረጃ ስትወርዱ ካመማችሁ የዝላዩን ቁጥር ቀንሱ። ግድግዳ ተደግፋችሁ ጉልበት አጥፋችሁ 45 ሰከንድ መቆየት፣ አምስት ጊዜ መድገም ብዙዎችን ያስታግሳል። መርፌ ተወግቶ በማግስቱ መዝለል ግን ጅማቱን ለመበጠስ ማመቻቸት ነው። ክብደት ለመቀነስ ብላችሁም አትራቡ፤ ሴት ልጅ የወር አበባዋ ከቆመ ሰውነቷ ምግብ አንሶት ሊሆን ይችላል፤ ለአሰልጣኟ ወይም ለሐኪም ሳታፍር ትንገር። በጾም ወራት ከባዱን ልምምድ ወደ ማፍጠሪያው ሰዓት አስጠጉት።

ለፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ የመግቢያው መስፈርት ለወንዶች 2.33፣ ለሴቶች 1.97 ሜትር ነበር። ያን ያልዘለለ በዓለም ደረጃ ነጥብ ሊገባ ይችላል፤ ነጥብ ደግሞ ከውድድር ወደ ውድድር ስለሚሰበሰብ ፓስፖርታችሁንና የውጤት ወረቀታችሁን አዘጋጅታችሁ ያዙ። ዓለም አቀፍ የአበረታች መድኃኒት ምርመራ ዝርዝር ውስጥ ስትገቡ በየቀኑ 60 ደቂቃ የምትገኙበትን ቦታ አስቀድማችሁ ታሳውቃላችሁ፤ በ12 ወር ሦስት ጊዜ ካጓደላችሁ ምንም ሳትወስዱ ትታገዳላችሁ። ከፋርማሲ የምትገዙትን መድኃኒት ሁሉ ስሙን ጻፉ፤ የሰውነታችሁ ተጠያቂ እናንተው ናችሁ።

አሁን ሰኔ ሳይገባ፣ ሜዳው ሳይጨቀይ፣ መንደርደሪያችሁን ለኩ። ወደ ጎን ስንት፣ ወደ ኋላ ስንት፣ ስንት እርምጃ፣ ነፋሱ ከየት እንደነበር ደብተር ላይ አስፍሩ፤ በሚቀጥለው ቀንም ከዚያው ቁጥር ጀምሩ።