ጥር ላይ ካናዳ፣ ኤድመንተን ለምትገቡ፦ ስለ ብርዱ የማውቀው

እህቴ፣ «ጥር ላይ ከባለቤቴና ከ3 ዓመት ልጄ ጋር ከአዲስ አበባ ኤድመንተን እንገባለን። ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ይደርሳል ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው ወይ? ምን ገዝተን እንምጣ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ እዚህ 11 ዊንተር አሳልፌያለሁ። (ክረምት ስል ዝናቡ ነው ትዝ የሚለኝ፤ ለዚህ ነው ሁላችንም ዊንተር የምንለው።) ረዘም ይላል፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቢው።

አዎ፣ እውነት ነው። በየቀኑ ግን አይደለም። ብዙውን ጊዜ ከዜሮ በታች ከ5 እስከ 20 ባለው መካከል ነው የሚመላለሰው። ከዚያ በየዓመቱ አንድ ሁለት ጊዜ 30ን አልፎ ይወርድና ለቀናት ይቆያል። በጃንዋሪ 2024 አጋማሽ 40ን አልፎ ነበር። ያን ቅዳሜ ማታ የሁላችንም ስልክ በአንዴ ጮኸ። የኃይል እጥረት ስላለ የማያስፈልጋችሁን መብራት አጥፉ የሚል የአልበርታ (የኤድመንተን ክፍለ ሀገር) ማስጠንቀቂያ ነበር። እኛም አንዷን የሳሎን መብራት ብቻ ትተን ሁሉንም አጠፋን።

ልብስን በተመለከተ፣ እባክሽ ከአዲስ አበባ ጃኬት አትግዙ። ገንዘባችሁን ያዙት። እኔ መርካቶ ወፍራም የመሰለኝን የቆዳ ጃኬትና የቆዳ ጫማ ገዝቼ መጣሁ። በገባሁ በ4ኛው ቀን ያለ ኮፍያ አውቶቡስ ስጠብቅ የጆሮዬ ጫፍ አቃጠለኝ። ትንሽ ቆይቶ ማቃጠሉ ተወኝ። ለመድኩት ብዬ ደስ አለኝ። ቤት ገብቼ መስታወት ሳይ ጫፉ ግራጫ ሆኗል፣ ስነካው እንደ ፕላስቲክ ደርቋል። ሲሞቅ አበጠና ሳምንት ሙሉ በዚያ በኩል መተኛት አቃተኝ። ስለዚህ ይህን ያዢ፦ የሚያቃጥል ቆዳ ገና ይሰማዋል፤ ማቃጠሉን ሲያቆም ነው መፍራት ያለብሽ። እንዲህ ከሆነ አታሺው፤ ቶሎ ቤት ገብተሽ ለብ ባለ ውሃ አሙቂው። ካልተመለሰ ወደ ሐኪም ነው።

የአየር ትንበያ ስታዪ ነፋሱ ተጨምሮበት የሚሰጠውን ቁጥር እዪ። እሱ ከዜሮ በታች 28 ካለፈ የተጋለጠ ቆዳ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ሊጎዳ ይችላል። 40 ሲደርስ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በቂ ነው። አንድ አውቶቡስ ሲያመልጥሽ ማለት ነው።

የሚያሞቀው ደራርቦ መልበስ ነው። ከሥር ላብ የማይዝ፣ ሱፍ ወይም ፖሊስተር። ጥጥ አይሆንም፤ አንዴ ላብ ከያዘ እላይሽ ላይ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ሹራብ፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት። ጫማ ወፍራም ካልሲ የሚያስገባ፣ ከቁጥርሽ ትንሽ ከፍ ያለ ይሁን፤ እግር ከተጣበቀ አይሞቅም። ጓንት ደግሞ አራቱ ጣቶች አንድ ላይ የሚገቡበት ይሻላል። ይህን ሁሉ እዚህ ያገለገለ ልብስ የሚሸጡ ሱቆች በርካሽ ታገኛላችሁ። ከአገር የምታመጡት ጋቢ ነው። ማታ ሶፋ ላይ እንደ ጋቢ የሚሆን ነገር እዚህ አላገኘሁም።

ለልጅሽ ከእግር እስከ አንገት የሚሸፍን የበረዶ ልብስ ያስፈልጋታል። መኪና ውስጥ ግን ወፍራሙን አውልቁላት። የልጅ ወንበሩ ቀበቶ በጃኬቱ ላይ ሲታሰር የጠበቀ ይመስላል፣ ግጭት ሲመጣ ጃኬቱ ይጨመቅና ይላላል። ቀበቶውን ካሰራችሁ በኋላ ብርድ ልብስ ከላይ ጣል አድርጉላት።

መኪና ስትገዙ ከፊቱ የኤሌክትሪክ ገመድ ተንጠልጥሎ ካያችሁ አትገረሙ፤ ሞተሩን የሚያሞቅ ነው። ብርዱ ከ15 ሲያልፍ ማታ ሰክታችሁ ትተኛላችሁ። የዊንተር ጎማ እዚህ በሕግ ግዴታ ባይሆንም እኔ ያለሱ አልነዳም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ለውጭው ብርድ ሰው ሁሉ ይዘጋጃል። እኔን የሚያስፈራኝ ግን የተዘጋው ቤት ነው።

በሁለተኛው ዓመቴ አንድ እሑድ ወዳጆቻችን ቤት ቡና ተጠራን። ቤዝመንት፣ ማለትም ከመሬት በታች ባለው የቤቱ ክፍል ነው የሚኖሩት። ውጭው ከዜሮ በታች 30 ስለሆነ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። ከሰሉ ደጅ ተቀጣጥሎ፣ ጭሱ አልቆ፣ ፍም ሆኖ ነው የገባው። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ አንዷ እህት ራሴን አመመኝ አለች። ቀጥሎ እኔ። አንድ ትንሽ ልጅ ምንጣፉ ላይ ተኝቶ ሲጠሩት እሺ አይልም። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ያለው ማንቂያ ጮኸ። ባለቤቱ የዕጣኑ ጭስ ነው ብሎ ባትሪውን ሊያወጣ ወንበር ላይ ወጥቷል። ከመካከላችን አንዲት ነርስ ነበረች፤ ልጁን አቅፋ «ሁላችሁም ውጡ!» ብላ ጮኸች። በካልሲ በረዶው ላይ ቆመን 911 ደወልን። እሳት አደጋዎች መጥተው ለኩና ቤቱ እስኪናፈስ እንዳንገባ ከለከሉን። ልጁ ሆስፒታል ሄዶ እግዚአብሔር ይመስገን ዳነ።

ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ነበር። ሽታ የለውም፣ አይታይም። ፍም ጭስ ባይኖረውም ይህን ያወጣል። አገር ቤት በሩ ክፍት ነው፣ በጣሪያውም በመስኮቱም አየር ይገባል። የዚህ ቤት ግን ሙቀት እንዳያመልጥ ተብሎ የታሸገ ነው። ስለዚህ እለምንሻለሁ፣ ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉት፤ ዕጣኑንም በኤሌክትሪክ ማጨሻ። ከሰል ቤት ውስጥ በፍጹም። የምትከራዩት ቤት የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ እንዳለው በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ። በረዶ ሲጥል ደግሞ የማሞቂያው የጭስ ቱቦ ውጭ በኩል እንዳልተሸፈነ እዩ።

ሌላው ጨለማው ነው። በዲሴምበር 21 አካባቢ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ ሰዓት 3 ሊሆን ሲል ነው፤ 10 ሰዓት ከሩብ ላይ ትጠልቃለች። ጨለማ ወጥተሽ ጨለማ ትገቢያለሽ። ከኦክቶበር እስከ ማርች ድረስ ያለው ፀሐይ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት አቅም የለውም፤ ለጠቆረ ቆዳ ደግሞ ይብሳል። ሐኪም ስታገኙ ስለ ቫይታሚን ዲ ጠይቁ፣ በተለይ ለልጅቷ። ባለቤቴ በመጀመሪያው ዓመት ከሶፋ መነሳት አቅቷት ነበር። ሰነፍሽ እያልኩ ተጨቃጨቅን። ያንን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ታማ ነበር። እናንተ ምሳ ሰዓት ላይ ብርሃን እያለ 15 ደቂቃም ቢሆን ውጡ። ቅዳሜና እሑድ ሰው ቤት ሂዱ፣ ሰውም ጥሩ። ጥምቀት ከነጠላው ላይ ጃኬት ደርበን ነው የምናከብረው፤ እንዳትቀሩ።

እንጀራን ካሰብሽ፣ ሊጡ በዚህ ብርድ አልቦካ ይላል። ምድጃውን ሳታሞቂ የውስጡን አምፖል ብቻ አብሪና ሊጡን እዚያ አሳድሪው። ይቦካል።

ኤርፖርት የሚቀበላችሁ ሰው ጃኬት ይዞ እንዲመጣ ንገሩት፤ ከበሩ እስከ መኪናው ያለውን አቅልላችሁ አትዩት። የሚቀበላችሁ ከሌለ የምትገቡበትን ቀንና የልጅሽን የጫማ ቁጥር በውስጥ ጻፊልኝ። የሴት ልጄ የበረዶ ልብስና ቦት ጫማ ጠቧት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ ይዤው እመጣለሁ።