የባጃጅ ማደሪያ ተብሎ የተጠየቀ 800 ብር

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቼ በባጃጅ ሥራ እተዳደራለሁ። ውላችን ተመዝግቧል፤ ስለ ባጃጁ ግን የሚለው ነገር የለም። አከራዬ ቤቱን ሲያስረክቡኝ የትልቁን በር ቁልፍ ስለሰጡኝ ላለፉት 14 ወራት ባጃጁ ግቢ ሲያድር ቆይቷል። አሁን መኪና ገዙና «በወር 800 ብር ጨምር፤ አለዚያ ውጭ ይደር» ብለው ቁልፉን ቀየሩ። መብቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ በጅማ ክረምት ባጃጅ ውጭ ማሳደር ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል፤ ዝናቡ ቢቀር እንኳ ጠዋት ባትሪው ላይገኝ ይችላል። ፍርድ ቤት የሚመረምረው ግን አንድ ነገር ነው፦ ግቢው ከተከራዩት ቤት ጋር የተሰጠ ነበር ወይስ የባለቤቱ ቸርነት?

ውሉ ዝም ማለቱ ብቻውን አይጥልዎትም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1734 የውሉ ቃል አሻሚ ሲሆን የተዋዋዮቹ የጋራ ሐሳብ እንዲፈለግ፣ ለዚህም ከውሉ በፊትና በኋላ ያሳዩት ጠባይ እንዲታይ ያዛል። ትልቁ ማስረጃዎ ያ የተቀየረው ቁልፍ ነው። ሰው በትንሿ በር ይገባል፤ የተሽከርካሪውን በር ቁልፍ በርክክቡ ዕለት ለምን ሰጡ ተብለው አከራይዎ ይጠየቃሉ። ቁልፉን እንዳይጥሉት፤ በሩን ባይከፍትም ይመሰክራል። የተሰጠዎት ከወራት በኋላ «ለጊዜው አስገባው» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ግን የተለየ ነበር፤ እኔም ለአከራዩ ብቆም የምከራከረው በዚህ ነው።

ስለ 800 ብሩ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የውል ዘመን ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይላል፤ ስለዚህ ቢያንስ 10 ወር ይቀርዎታል። ኪራይ የሚጨመረውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያሳውቀው መጠን እንጂ ባለቤቱ መኪና በገዛ ቁጥር አይደለም። ግቢው በውሉ ውስጥ ከነበረ ስሙን የማደሪያ ቢሉትም ጭማሪ ነው።

ቁልፉን እንዳይሰብሩ። ኪራዩንም እንዳይዙ፤ እንደ ወትሮው በባንክ በቀኑ ያስገቡ። አለዚያ ክርክሩ ስለ ባጃጅ መሆኑ ቀርቶ ስለ ውዝፍ ኪራይ ይሆናል። ተቃውሞዎን በጽሑፍ ይስጡ፤ ቅጂው ላይ የደረሰበትን ቀን አስፈርመው ያስቀሩ፤ ቀጥሎ ውሉን ወደ መዘገበው ጽሕፈት ቤት አቤት ይበሉ።

ክስ ከሆነ ብዙ ሰው «ሁከት ይወገድልኝ» ይላል፤ በይዞታዬ ጣልቃ አይገባብኝ የሚል የይዞታ ክስ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 መሠረት ይህ ክስ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። እኔ ግን «እንደ ውሉ ይፈጸምልኝ» የሚለውን አስቀድማለሁ፤ ተከራይ በይዞታ ክስ ሲመጣ «ባለይዞታው ማን ነው?» የሚል ክርክር ይከፈትበታል። አቤቱታው በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ፤ የጅማ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ እርሱ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሜትር ይዘው ግቢውን ይለኩ። ባጃጅ ወርዱ 1 ሜትር ከ30 ገደማ ነው። ከመኪናው ጎን የሚያስቆም ቦታ ካለ ልኬቱን ጽፈው ሁለት ሽማግሌ ይዘው አከራይዎ ዘንድ ይሂዱ።