መልስ፦ ስኳር ያለባቸው እናቴ በጤና መድን መታቀፍ ይችላሉ?

ወንድሜ፣ መሐል ሜዳ ያሉት እናትህ ስኳር ስላለባቸው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ይከለክላቸው እንደሆነ ጠይቀሃል። አይከለክላቸውም። አባልነቱ በቤተሰብ ነው፤ መዋጮውም ሰው ታመመ ተብሎ አይጨምርም። ይህን ቀላል አድርገህ እንዳታየው። አሜሪካ እንኳ የግል መድን ድርጅቶች ነባር ሕመም ያለበትን ሰው እንዳይመልሱ፣ ዋጋም እንዳይቆልሉበት በአገር ደረጃ የከለከለችው በ2010 በወጣ ሕግ ነው፤ ለአዋቂዎች የጸናውም በ2014 (በፈረንጆቹ)። እኛም ደንብ በተሻሻለ ቁጥር ይህ መብት እንዳይሸራረፍ በቀበሌ ስብሰባ ሳይቀር አጥብቀን መናገር አለብን።

እናትህ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ያለ ሪፈር ደብረ ብርሃን ከወረዱ ወጪው ከኪሳቸው ሊወጣ ይችላል። መድኃኒት የለም ከተባሉ ማዘዣው ላይ አስጽፈው ማህተም ያስመቱ፤ ከውጭ የገዙበትን ደረሰኝም ይዘው ወረዳው የመድን ክፍል ይጠይቁ። የምዝገባው ጊዜ እንዳያልፋችሁ አደራ።