መዝገቡ ሌላ፣ ተራራው ሌላ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ከስልካችሁ ጀርባ ስላለው ሥራ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ደብዳቤዎቹ ከጠበቅሁት በላይ መጡ። ዛሬ አራቱን ይዣለሁ። ለማታውቁኝ፦ በአንድ የቴሌኮም ድርጅት የኔትወርክ መቆጣጠሪያ ክፍል፣ እኛ ኖክ በምንለው ቤት፣ 16 ዓመት ሠርቻለሁ። አብዛኛው የሌሊት ሺፍት ነበር።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቄ በቅርቡ ሥራ ይዣለሁ። የተመደብኩት ኦኤስኤስ የሚባል ክፍል ነው። ጓደኞቼ ታወር ላይ ይወጣሉ፣ ፋይበር ይቀጥላሉ። እኔ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነኝ። እናቴ ሥራህ ምንድን ነው ስትለኝ መልስ አጣለሁ። ደግሞ ፋይቭ ጂ ሲስፋፋ ሁሉም ነገር አውቶማቲክ ስለሚሆን ክፍላችሁ ይዘጋል የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው? (ደ.፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ለእናትህ እንዲህ በላቸው፦ «ኔትወርኩ ሲታመም መጀመሪያ የምሰማው እኔ ነኝ።» ይገባቸዋል።

ኦኤስኤስ አንድ ሲስተም አይደለም። ኔትወርክን ለመከታተልና ለማስተዳደር የምንጠቀምባቸው ብዙ ሲስተሞች የሚጠሩበት የወል ስም ነው። አንዱ አላርም፣ ማለትም ዕቃዎቹ የሚልኩትን የብልሽት ማስጠንቀቂያ፣ ይሰበስባል። አንዱ የትኛው ሳይት (ታወሩና ዕቃው የቆመበት ቦታ) ስንት ጥሪ እንዳስተናገደና ስንቱ እንደተቋረጠ ይለካል። አንዱ በሩቅ ሆነህ የራውተሩን (መረጃን ወደ መድረሻው የሚመራውን ዕቃ) ሴቲንግ የምትቀይርበት ነው። አንዱ ደግሞ መዝገቡ ነው፤ የትኛው ዕቃ የት ቆሟል፣ ከማን ጋር ተያይዟል የሚለው። እኛ ኢንቬንተሪ እንለዋለን። የደንበኛው ሂሳብ፣ ፓኬጁና ክፍያው ቢኤስኤስ በሚባለው በሌላው ወገን ነው። እኔ ሥራ ስጀምር ይህን ሁሉ በአምስት ከፍለው ነበር ያስተማሩን፦ ብልሽት፣ ኮንፊገሬሽን፣ ሂሳብ፣ ብቃት፣ ደህንነት። ዛሬም ያገለግላል።

ክፍሉ ይዘጋል ለሚሉህ ይህን ንገራቸው። ድሮ የኔትወርክ ዕቃ ሳጥን ነበር። ሶፍትዌሩና ብረቱ ከአንድ አምራች አብረው ይመጣሉ። ክፍሉ ውስጥ ገብተህ በእጅህ ትነካዋለህ። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ትልልቅ ኦፕሬተሮች ተሰብስበው የኔትወርክ ሥራዎችን ከሳጥኑ አውጥተን በተራ ሰርቨር ላይ የሚሄድ ሶፍትዌር እናድርጋቸው አሉ። የፋይቭ ጂ ዋናው ክፍል የተነደፈው በዚህ ሐሳብ ነው። ጥሪ የሚያስተናግደው ሶፍትዌር ጠዋት አንዱ ሰርቨር ላይ ይሆናል፣ ሰው ሲበዛ ሦስት ሆኖ ይባዛል፣ ማታ ተመልሶ አንድ ይሆናል። ከወር በፊት የተሠራ የኔትወርክ ሥዕል ዛሬ ማታ አይረዳህም። ስለዚህ ሥራህ አይጠፋም፤ ይከብዳል እንጂ። በእጅ የሚሞላውን ቅጽ ሲስተሙ ራሱ ይሞላዋል። አንተ ደግሞ የሞላው እውነት መሆኑን ታረጋግጣለህ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እንደ አንተው የኖክ ሰው ነኝ። አሁን የሺፍት ኃላፊ ሆኛለሁ። ቡድኔ በአላርም ተጥለቅልቋል። አንድ ፋይበር ሲቆረጥ በመቶዎች የሚቆጠር ቀይ መስመር ይወርድብናል። አለቆቼ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ያለው ሲስተም ገዝተን እንገላገል እያሉ ነው። አንተ ብትሆን ታስገዛ ነበር? (ተ.፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መጀመሪያ አንድ ሌሊት ልንገርህ።

ክረምት ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት። ስክሪኑ ባንድ ጊዜ ቀላ። ከ40 በላይ ሳይቶች ወደቁ። ተረኞቹ እኔና አንድ ገና አዲስ የገባ ልጅ ነበርን። መዝገቡን ከፈትን። ሳይቶቹ ሁሉ በማይክሮዌቭ፣ ከዲሽ ወደ ዲሽ በሚሄድ ሬዲዮ፣ አንድ ተራራ ላይ ይገናኛሉ ይላል። የአካባቢውን ቴክኒሻን ከእንቅልፉ ቀስቅሰን ላክነው። ዝናብ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ተጉዞ ከተራራው ላይ ደወለ።

«እዚህ ሁሉም ደህና ነው» አለ። «ጄኔሬተሩም ይሠራል። ግን እናንተ የምትሉት ዲሽ እዚህ የለም። ነቅለውታል።»

ዲሹ ከሁለት ወር በፊት ወደ ሌላ ተራራ ተዛውሮ ነበር። ያዛወሩት ልጆች ሥራቸውን አሳምረው ሠርተዋል። መዝገቡን ግን ማንም አልነካውም። ትክክለኛው ተራራ በሌላ አቅጣጫ ነው። ኔትወርኩ የተመለሰው ረፋዱ ላይ ነው። ከወደቁት ቦታዎች አንዳንዶቹ ጤና ጣቢያ ያለባቸው ነበሩ። በዚያ ሌሊት ምጥ ይዟት አምቡላንስ ለመጥራት የሞከረች ሴት ትኖር ይሆን እያልኩ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። አሁንም አስባለሁ።

ልብ በል፣ የአላርም ሲስተማችን ጥፋት የለበትም። የነገርነውን አምኖ የነገርነውን ተራራ አሳየን። አሁን የሚሸጡልህ ሲስተምም በመቶዎች የሚቆጠረውን አላርም ወደ አንድ የሚያጠቃልለው መዝገቡን አይቶ ነው። ይሄ ከዚያ ላይ ይንጠለጠላል፣ እናቱ ከወደቀች ልጆቹ ይወድቃሉ ብሎ ያሰላል። መዝገቡ ከተሳሳተ በታላቅ ፍጥነት ወደተሳሳተው ተራራ ይልክሃል።

ስለዚህ እኔ ብሆን መግዛቱን አልቃወምም፤ ቤቱን ሳላጸዳ ግን አላስገባውም። ለሁሉም ሳይት ባንዴ አትነሳ፤ ያደክማል፣ መሀል ላይ ይቆማል። አንድ ሪጅን ምረጥ። በጣም የሚረብሽህን። በኤሌክትሪክ የሚሠሩትን ዕቃዎች ሲስተሙ ራሱ ጠይቆ እንዲመዘግብ አድርግ፤ ራውተር ስሙንም ጎረቤቱንም ይናገራል። ፋይበር ግን አይናገርም። በየትኛው ቱቦ እንደሚያልፍ፣ የትኛው ክር የትኛው ሳጥን ላይ እንደተቀጠለ ሄዶ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ባትሪውም እንደዚያው። የሼልተሩ፣ የሳይቱ ዕቃ ቤት፣ ቁልፍ እንኳ ማን ጋ እንዳለ ይመዝገብ፤ ቁልፍ ፍለጋ ስንት ሌሊት እንዳለፈ አንተም ታውቀዋለህ። ከዚያ በኋላ አንድ ሕግ አውጣ፦ መዝገቡ ሳይታረም የለውጥ ሥራ «አልቋል» ተብሎ አይዘጋም። ልጆቹ ያጉረመርማሉ። አጥብቀህ ያዝ።

ሰዓቱንም ተመልከት። ይሄ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር ነው። የሳይቱ ዘበኛ «መብራት የጠፋው 8 ሰዓት ላይ ነው» ይልሃል። ሲስተምህ 02:00 ብሎ መዝግቦታል። አንዱ አምራች ያመጣው ዕቃ ደግሞ በግሪኒች ሰዓት ስለተሞላ የትናንቱን 23:00 ያሳያል። ሦስቱም አንድ ደቂቃ ናቸው! ሰው ተቀምጦ ሲያሰላው ይገባዋል። ሲስተሙ ግን ቀድሞ የወደቀው የትኛው ነው የሚለውን የሚፈርደው በሰዓቱ ነው። የዕቃዎቹን ሰዓት ሁሉ ከአንድ ምንጭ እንዲያስተካክሉ ሳታደርግ ስለ ዋናው መንስኤ ማውራት አይቻልም።

የአላርሙ ደረጃም አለ። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ኤክስ.733 የተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ አላርምን ከከባዱ ክሪቲካል እስከ ተራ ማስጠንቀቂያ በደረጃ ይከፍላል። እኛ ቤት ግን የሼልተር በር መከፈት ክሪቲካል ነበር። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ዕቃ ተሰርቆበት ስለተቆጣ እንደዚያ አስደረገው፣ በዚያው ቀረ። ቁጭ ብላችሁ አንድ በአንድ እዩት። ተረኛው ምንም የማያደርግበትን አላርም ከፊቱ አንሱለት።

በመጨረሻ ቲኬቶችህን፣ ለየብልሽቱ የሚከፈቱትን ቅጾች፣ አንብብ። ማሽኑ የሚማረው ከእነሱ ነው። ሊነጋጋ ሲል የደከመ ልጅ ቲኬት ሲዘጋ መንስኤው ላይ ምን ብሎ ይሞላል? «ሌላ» ብሎ ነው የሚሞላው። እኔም ሞልቻለሁ። ከግማሽ በላዩ «ሌላ» ከሆነ ማሽኑ ምን ይማራል?

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ የምኖረው ቶሮንቶ ነው። አረጋውያንን ቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባለሁ። ያን የ2022ቱን ቀን አልረሳውም። ስልኬ ሲግናል ያሳያል፣ ግን አይደውልም። ካርድ አይሠራም። የምንከባከባቸው እናት ቤት እስክደርስ ልቤ ቆሞ ነበር። ያን የሚያህል ኩባንያ ምን እንደነካው ሳያውቅ እንዴት ይውላል? (ሰ.፣ ከካናዳ)

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ እኛ ባለሙያዎቹም የጠየቅነው ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 8፣ ሮጀርስ በተባለው የካናዳ ቴሌኮም ኩባንያ ላይ የደረሰው ነገር ከዚያ ወዲህ በሙያችን እንደ ትምህርት ይነሳል። ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ወደ 26 ሰዓት ያህል ተቋርጠው ዋሉ።

ነገሩ የጀመረው በታቀደ የጥገና ሥራ ነው። ሰባት ምዕራፍ ነበረው፤ ያን ሌሊት ስድስተኛው ላይ ነበሩ። ንጋት 11 ሰዓት ገደማ ከአንድ የራውተር ሴቲንግ ላይ ማጣሪያ ተሰረዘ። ማጣሪያው ሥራው የመንገድ መረጃን፣ ማለትም ራውተሮች የቱ በየት እንደሚያልፍ የሚነጋገሩትን፣ መመጠን ነው። እሱ ሲነሳ መረጃው እንደ ደራሽ ጎርፍ ወደ ዋናዎቹ ራውተሮች ገባ። መሸከም አልቻሉም፣ ወደቁ። ሞባይሉም የቤት ኢንተርኔቱም በዚያው ዋና መስመር ላይ ስለነበሩ አብረው ወደቁ። የካርድ ክፍያውም፣ የሚያስተናግደው ኢንተራክ የተባለው ድርጅት የሮጀርስን መስመር ይጠቀም ስለነበር ቆመ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። መሐንዲሶቹ ራውተሮቹን የሚያዩበትና የሚነኩበት መንገድ የሚያልፈው በዚያው በወደቀው ኔትወርክ ውስጥ ነበር። ቤትሽ ተቆልፎ ቁልፉ ውስጥ እንደቀረ አስቢው። ብዙዎቹ ሠራተኞች የያዙት ስልክም የራሱ የኩባንያው ነበር፤ መደዋወል አቃታቸው። ራውተሮቹ የሆነውን ሁሉ የሚጽፉበትን ሎግ አግኝተው መንስኤውን ለመለየት 14 ሰዓት ፈጀባቸው። ለመቆጣጠሪያ የተለየ መንገድ መዘርጋት ገንዘብ ይጠይቃል፣ በደህና ቀን ደግሞ ምንም የሚሠራ አይመስልም። ለእኔ ግን ከኦኤስኤስ ሥራ ሁሉ መቅደም ያለበት እሱ ነው።

በጣም ያሳዘነኝ ሌላ ነገር አለ። የለውጥ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አደጋው ይመዘናል። ሥራው መጀመሪያ ላይ ከፍተኛ አደጋ ተብሎ ነበር። የቀደሙት ምዕራፎች በሰላም ስላለቁ የምዘናው ቀመር ስድስተኛውን ወደ ዝቅተኛ አወረደው። ዝቅተኛ ከተባለ ደግሞ የሚያየው ዓይን ያንሳል።

ስልክሽ ሲግናል ያሳየሽ የታወሮቹ ሬዲዮ ስላልጠፋ ነው። ችግሩም እሱ ነበር። ስልኩ ኔትወርክ አለኝ ብሎ እዚያው ይጣበቃል፤ 911 ለመደወል እንኳ ወደ ሌላው ኦፕሬተር አይሻገርም።

ለእኒያ እናት ቤት ሁለተኛ ሲም አስገቢላቸው። ስሙ ስለተለየ ብቻ ግን አትመኚ። ፊዶና ቻተር የሮጀርስ ናቸው፤ ያን ቀን አብረው ጠፍተዋል። የማን ኔትወርክ ላይ እንደሚሄድ ጠይቀሽ ግዢ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሦስተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ወደዚህ ሙያ ለመግባት ምን ልማር? ቤቴ ያለው አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ብቻ ነው። (ሜ.፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ላፕቶፑ ይበቃሻል። ሊኑክስና ፓይተን ያዢ። ከዚያ የኔትወርክ ዕቃዎች ሁኔታቸውን ለመቆጣጠሪያው የሚናገሩበትን ኤስኤንኤምፒን ተማሪ፤ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ያለ አሮጌ ቋንቋ ነው፣ ግን በየሳይቱ ታገኚዋለሽ። ቀጥሎ ኔትኮንፍና ያንግ። አዲሶቹ ኔትወርኮች ሴቲንግ የሚቀበሉት በነዚህ ነው። የዕቃ ሰርተፍኬት፣ ማለትም ቀን የሚያልፍበት ዲጂታል መታወቂያ፣ እንዴት እንደሚሠራም እወቂ። ኅዳር 27 ቀን 2011 ዓ.ም በእንግሊዝ ኦቱ የተባለው ኦፕሬተር ኢንተርኔት ጠፍቶ ውሏል። በዚያው ቀን የጃፓኑ ሶፍትባንክም ተቋርጧል። ዕቃውን ያቀረበው ኤሪክሰን ራሱ እንደገለጸው ሶፍትዌሩ ውስጥ የነበረ ሰርተፍኬት ቀኑ አልፎበት ነበር።

ደግሞ ይህን ሞክሪ። ላፕቶፑ ላይ ሁለት የሶፍትዌር ራውተሮችና አንድ አላርም ሰብሳቢ አስነሺ። መስመሩን ዝጊው፤ ስክሪኑ ቀይ ይሆናል። መልሰሽ ክፈቺው። አሁን አላርሙ የሚመጣበትን ፖርት፣ 162ን፣ ዝጊና መስመሩን እንደገና አቋርጪ። ራውተሩ መልእክቱን ይልካል፣ መድረሱን ግን አይጠይቅም። መስመሩ ሞቷል፣ ስክሪንሽ አረንጓዴ ነው። ይህን ለማወቅ ምን ዓይነት ፕሮግራም ልትጽፊ እንደምትችዪ አስቢና ላኪልኝ። በሚቀጥለው እትም እናየዋለን።