ነሲብና ደብተር፦ ቡና ሥራ ለምትጀምሩ የጅማ ልጆች

የተወደዳችሁ ልጆቼ፣

ቡና ያተረፈለትን ሰው "ቀናው" እንለዋለን። ዕዳ የዋጠውን ደግሞ "የአርባ ቀን ዕድሉ ነው" ብለን እናልፈዋለን። ሰውየው ምን ወሰነ፣ መቼ ወሰነ፣ በስንት ብር ወሰነ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ቡና ውስጥ ዕድል አለ፣ ብዙ አለ። ሁሉም በልፋት ነው የሚላችሁን ሰው አትመኑ። ሆኖም ዕድል በየትኛው በር እንደሚገባ ለይቶ ማወቅ ይቻላል፤ የምጽፍላችሁም ስለዚሁ ነው።

ትልቁ በር ዋጋ ነው። የጅማ ቡና ዋጋ የኒው ዮርክን ገበያ ይከተላል፣ የኒው ዮርክ ዓይን ደግሞ ብራዚል ላይ ነው። በሐምሌ 1975 እ.ኤ.አ. ፓራና በተባለው የብራዚል ግዛት የወረደው ውርጭ የቡና ዛፉን አቃጠለው፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ አንድ ፓውንድ (ግማሽ ኪሎ የማይሞላ) ቡና ከ3 ዶላር በላይ ወጣ። በ1989 አገሮች በኮታ የሚሸጡበት ዓለም አቀፍ ስምምነት ፈረሰና ዋጋ ወደቀ። በ2001 መጨረሻ አንድ ፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ነበር፣ በየካቲት 2025 ከ4 ዶላር በላይ። ማና ወይም ጎማ ወረዳ ያለ ገበሬ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ያው ዛፍ፣ ያው ልፋት ነበረው። ስለዚህ ዋጋ ባደገበት ዓመት ያተረፈ ሰው ጎበዝ ነው ለማለት አትቸኩሉ፤ በወደቀበት ዓመት የከሰረውንም ሰነፍ አትበሉት። ራሳችሁንም ጭምር።

ዋጋን መቆጣጠር አትችሉም። ዋጋ ሲወድቅ የሚያደርስባችሁን ጉዳት ግን አስቀድማችሁ ትመጥናላችሁ። ቁጥሩን እዩት፦ 100,000 ብር የራሳችሁ ገንዘብ አላችሁ እንበል፣ 300,000 ተበደራችሁ፣ በ400,000 ብር ጀንፈል፣ ማለትም ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና፣ ገዝታችሁ አከማቻችሁ። ዋጋው 25 በመቶ ሲወርድ የጠፋው 100,000 ብር ነው፤ የእናንተ የተባለው ገንዘብ በሙሉ ማለት ነው፣ ያውም ወለዱ ሳይታሰብ። ሳትበደሩ በ100,000 ብቻ ገዝታችሁ ቢሆን 75,000 ብር ይዛችሁ በሚቀጥለው ዓመት ገበያ ላይ ትገኙ ነበር። ዕድል የሚመለሰው ገበያው ውስጥ ላለ ሰው ነው፤ ሱቁን ዘግቶ የሄደው ዋጋው ሲያንሠራራ አያገኘውም። የእሸት፣ ማለትም ገና ከዛፍ የተለቀመ ቀይ ፍሬ፣ ግዢም እንዲሁ ነው። 1 ኪሎ ንጹሕ (ደርቆ የተፈለፈለ) ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ያህል እሸት ይፈልጋል። እሸቱን በኪሎ 60 ብር ብትገዙት፣ የሠራተኛና የመኪና ወጪ ሳይጨመር እጃችሁ ያለው ቡና በኪሎ 360 ብር ወጥቶበታል። ይህን ሒሳብ ሳይሠራ ከጎረቤቱ በ5 ብር አስበልጦ የሚገዛ ብዙ ነው።

ዕድል የሚመስል፣ ግን ዕድል ያልሆነም አለ። አንድ ዓመት አብዝቶ ያፈራ የቡና ዛፍ በቀጣዩ ዓመት ያርፋል። ቡና የሚያፈራው ባለፈው ወቅት ባደገ የቅርንጫፍ ክፍል ላይ ነው፤ ጉልበቱን ለፍሬ የሰጠ ዛፍ ለከርሞ የሚያብብበትን አዲስ እድገት አያወጣም። እንደ ዋንዛና ሳሳ ያለ ጥላ ልዩነቱን ያለዝበዋል፣ ጨርሶ ግን አያጠፋውም። እንግዲህ በአንድ ጥሩ ዓመት ምርት ተመክታችሁ መሬት አትከራዩ፣ መኪናም አትግዙ። ቢያንስ የሁለት ዓመት አማካይ ያዙ።

አሁን ብዙ ልጆች ወደሚወድቁበት ልምጣ፣ ማድረቅ። ስሕተቱ አልጋው (ቡና የሚሰጣበት ከመሬት ከፍ ያለ መደብ) ከሚይዘው በላይ እሸት መቀበል ነው። በ4 ሳንቲሜትር ውፍረት ሲሰጣ 1 ካሬ ሜትር አልጋ 20 ኪሎ ገደማ እሸት ይይዛል። ወርዱ 1 ሜትር ተኩል፣ ርዝመቱ 20 ሜትር የሆነ አልጋ 600 ኪሎ ይይዛል ማለት ነው። ጀንፈል ወደ 11 ወይም 12 በመቶ እርጥበት እስኪወርድ 20 ቀን ቢፈጅ፣ በየቀኑ 600 ኪሎ የሚቀበል ሰው የመጀመሪያው አልጋ ከመለቀቁ በፊት 20 አልጋ ያስፈልገዋል። 8 አልጋ ሠርቶ ይጀምርና በዘጠነኛው ቀን እሸቱን 10 ሳንቲሜትር አድርጎ ይከምረዋል፣ ወይም ጆንያ ውስጥ ያሳድረዋል። ያደረው ይሞቃል፣ ይቦካል፤ የተከመረው ከሥር ይሻግታል። ከዚያ በኋላ ያን ጣዕም ከቡናው የሚያወጣ ምንም ነገር የለም። ኅዳር ላይ ዝናብ ሲጥል ደግሞ "ነሲቤ ነው" ይላል። ነሲቤ ነው ማለት አንድ ነገር ነው፣ በነሲብ መሥራት ሌላ ነው። ለእያንዳንዱ አልጋ ሸራው ከጎኑ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፣ ማታ ጤዛ ሳይወርድ ይሸፈን። ላስቲክ ቡናውን እንዳይነካ ቅስት ይሠራለት፤ ከነካው ያልበዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየሰዓቱ ይገላበጥ። "ጅማ 5" የሚባለው የቡና ደረጃ ለዓመታት በርካሽ የተሸጠው በዛፉ ጉድለት አይደለም። መሬት ላይ የደረቀ ቡና የአፈር ጣዕም ስለሚይዝ ነው። ይህ ያንገበግበኛል፤ ቡና በዱር የሚበቅልበት አካባቢ መወለድን የመሰለ ዕድል ይዘን በአፈር ላይ ስንበትነው ኖረናል።

ዕድል ሲመጣ መገኘት ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ነገር ከከተማችን ቅርብ፣ በአጋሮ መንገድ መልኮ ላይ አለ። የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በ1967 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገባ፤ ፈንገስ ነው፣ ገና አረንጓዴ የሆነውን ፍሬ አጥቁሮ ያረግፋል። በዱር ቡናችን ውስጥ በሽታውን የሚቋቋም ዛፍ መኖሩ ዕድል ነበር፤ ማንም አልዘራውም። ባለሙያዎቹ ግን ጎረቤቱ ሲጠቁር ፍሬው ያልጠቆረውን ዛፍ በየጫካው ፈለጉ፣ ዘሩን አፈሉ፣ ችግኙን በፈንገሱ ፈተኑ። 74110 እና 74112 የሚባሉት ዝርያዎች በ1974 በመቱ አካባቢ፣ ቢሻሪ ከተመረጡ ዛፎች የመጡ ናቸው። ማዕከሉ በሽታው ሲገባ የአራት ዓመት ዕድሜ ነበረው። ሰዎቹ እዚያው ባይሆኑ ኖሮ፣ ያ ዛፍ ጫካው ውስጥ ቆሞ ይቀር ነበር።

የሰው ዕድልም አለ፣ በአጭሩ ልለፈው። ሥራ የሚገኘው በሰው ነው፤ ሰው የሚጠራችሁ ደግሞ ምን እንደምትችሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ሲችል ነው። "ቡና ላይ ይሠራል" አይበቃም። "እርጥበት ይለካል፣ ቅምሻ ያውቃል" የተባለ ልጅ ቦታ ሲከፈት ይታወሳል።

በመጨረሻ ደብተር ግዙ። በገዛችሁበት ዕለት፣ ውጤቱ ሳይታወቅ፣ ሦስት መስመር ጻፉ፦ ለምን እንደገዛችሁ፣ ዋጋው ስንት ቢደርስ እንደምትሸጡ፣ ስንት ቢወርድ እንደምትወጡ። ሰኔ ላይ ግለጡትና ከእያንዳንዱ ግዢ ጎን "ዋጋ"፣ "ዝናብ" ወይም "እኔ" ብላችሁ ጻፉ። ትርፉንም እንደ ኪሳራው መርምሩ፤ ያተረፋችሁበትን ግዢ "እኔ" ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ያን ወር ጎረቤታችሁ ሁሉ አትርፎ እንደሆነ ጠይቁ። ደብተሩን መስከረም ላይ ጀምሩት፤ ጥቅምት ገብቶ እሸት መቅላት ሲጀምር እስክሪብቶ የሚያነሣ እጅ አይኖራችሁም።